ከኮዬ ፈጬ እስከ ወንበሩ፦ የመጠጥ ማገገሚያ ቡድን ስትፈልጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ማቆም አለብኝ" ብዬ ካመንኩበት ማታ አንስቶ የቡድን ስብሰባ ወንበር ላይ እስከተቀመጥኩበት ቀን ድረስ ሁለት ዓመት አለፈ። መንገዱ ርቆ እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ሁለት ታክሲ ነው። ሰልፉ ካልከፋ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም።

ሁለቱ ዓመት የት ገባ? አንዱን ስህተት ስጨርስ ሌላውን ስጀምር አለቀ። በኋላ አጠገቤ የሚቀመጡትን ስሰማ፣ ከአያት የሚመጣው ልጅም፣ ከቡራዩ የምትመጣው እህታችንም፣ ከሰበታ የሚመጡት ጋሼም የተሳሳቱት ያንኑ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠፋው ስብሰባው ውስጥ አይደለም። ሊሄድ ሲነሳ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ መንገዱ ብቻ ነው። ስሜን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ የእርስ በርስ ድጋፍ ቡድን ውስጥ አስተማሪ የለም። ሐኪምም፣ ቄስም፣ አማካሪም አይመራውም። መጠጥ ያስቸገራቸው ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ከሁሉ የታወቀው አልኮሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ነው፤ ብዙ ሰው "ኤ ኤ" ይለዋል። ለአባልነት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ።

"ሁዳዴን ሙሉ አልቀምስም እኮ"

ይህ የእኔ ቁጥር አንድ ማምለጫ ነበር። ሚስቴ "ሰው ጠይቅ፣ እርዳታ ፈልግ" ስትለኝ ጾሙን አስታውሳታለሁ። 55 ቀን ጠብታ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው እንዴት ሱሰኛ ይባላል?

ያልነገርኳት አለ። ከሆሳዕና ጀምሬ ቀን እቆጥራለሁ። ቅዳሜ ሌሊት ዶሮ ከመቅመሴ በፊት ብርጭቆው እጄ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ የሆነውን ሰው ነግሮኝ ነው የማውቀው።

ማቆም መቻል አንድ ነገር ነው። ካቆሙ በኋላ እንደ ሰው አንድ ጠጥቶ መነሳት ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ማቆም አላቃተንም፤ ስንት ጊዜ አቁመናል! ያቃተን ከጀመርን በኋላ መቆም ነው። ጾሙ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለሙስሊም ወንድሞቼም በረመዳን ያው ነው። የእነሱ እንዲያውም በድርብ ሐፍረት የተሸፈነ ስለሆነ ይብሳል።

የዚሁ ስህተት ታናሽ ወንድም አለ። "እኔ የምጠጣው ጠላ ነው፤ እሱ ደግሞ ምኑ አልኮል ነው" የሚለው። የጽዋ ማህበር ጠላ፣ የሠርግ ጠጅ፣ የክርስትና ድግስ አረቄ። ጉበት ድግሱን አይጠይቅም። ቡድን ውስጥ አንድም ሰው "ምን ነበር የምትጠጣው?" ብሎ ደረጃ ሲያወጣ አላየሁም።

በድንገት አቁሞ ንጹህ ሆኖ ለመሄድ መሞከር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሞትበት ስህተት ይህ ነውና።

ብዙ ሰው ስብሰባ ከመሄዱ በፊት "መጀመሪያ አንድ ሳምንት ላቁምና ፊቴ ይመለስ" ይላል። እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት እንደመጥረግ መሆኑ ነው። በሳምንት አንዴ ለሚጠጣ ሰው ችግር ላይኖረው ይችላል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ ለኖረ፣ ጠዋት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አንድ መለኪያ ሳይል ከቤት ለማይወጣ ሰው ግን አደጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። አንጎል ደግሞ ተሸንፎ ዝም አይልም፤ ለማካካስ ፍጥነቱን ይጨምራል። ዓመታት ሲያልፉ ይህን ይለምደዋል። አልኮሉ በአንድ ቀን ሲቀር ፍጥነቱ ብቻውን ይቀራል፤ ፍሬን እንደተበጠሰበት ሲኖትራክ።

የመጨረሻው ብርጭቆ ካለፈ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል። የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ አያውቅም፣ ሰውነቱ ይግላል። ይህኛው ካልታከመ ይገድላል። በእኛ ሰፈር ሰው በዚህ ሁኔታ ሲታይ "ለክፎት ነው" ይባላል። እኔም አንድ ጎረቤቴን እንዲያ ሲሉት ሰምቼ አምኛለሁ።

ሕክምናው የታወቀ ነው። ሐኪም እያየ ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ። ቫይታሚን ቢ1ም አብሮ ይሰጣል፤ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው አካሉ ውስጥ ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ጤና ተቋም ነው። ቡድኑ ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ ወይም ጎን ለጎን። የቡድን ጓደኛ ሻይ ይሰጣል እንጂ ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ አይሰጥም።

"አማኑኤል ገባ እንዳልባል" ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። አውቃለሁ። የሆስፒታሉ ስም ራሱ ስድብ ሆኖ ነው ያደግነው። ሆኖም አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው። በምሥራቅ በኩል ለምትኖሩ ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም እንዲሁ። ከሁሉ የሚቀርበው ግን የሰፈር ጤና ጣቢያ ነው። ሪፈር የሚጻፈውም ከዚያ ነው።

ስልክ ላይ አንዴ ፈልጎ "የለም" ብሎ መዝጋት

እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ብርድ ልብስ ተሸፍኜ፣ ስልኬ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አሜሪካ መጣልኝ። ናይሮቢ መጣልኝ። "እኛ አገር የለም" አልኩና ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

እዚህ ከተማ ብዙ ነገር የሚገኘው በካርታ አይደለም፤ በሰው ነው። ቤት ተከራይ የሚፈልግ ደላላ ይጠይቃል፤ ሠራተኛ የሚፈልግ ጎረቤት ይጠይቃል። ይህም ያው ነው። ካርታ ላይ ያለው ምልክት ከሦስት ዓመት በፊት የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ቡድኑ አዳራሽ ቀይሮ ይሆናል። ወይም ማንነታቸው እንዳይታወቅ ስለሚፈልጉ መጀመሪያውኑ ምልክት አላደረጉም።

የዚህ ሁሉ ነገር አጀማመር ራሱ ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ የኒውዮርክ አክሲዮን ነጋዴ ለሥራ አክረን ወደምትባል የኦሃዮ ከተማ ሄደ። ሥራው ከሸፈ። ካቆመ ገና ወራት ነው። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሞ የባሩን ጫጫታ ይሰማል። ወደ ባሩ በመግባት ፈንታ ስልክ አነሳና ወደ ቤተክርስቲያን ደወለ። የፈለገው ሌላ ጠጪ ነው፤ የሚያናግረው። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመራ በመጨረሻ አንድ ሐኪም አገኘ፤ ያም ሐኪም ጠጪ ነው። ሐኪሙ "15 ደቂቃ ብቻ" ብሎ መጣ፤ ለሰዓታት ተቀመጡ። ኤ ኤ የተጀመረው ከዚያ ነው። ሰውዬው መሀል ላይ ተስፋ ቆርጦ ስልኩን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ ወዴት ይገባ እንደነበር መገመት አያቅትም። ባሩ እዚያው ነበር።

ማንን ትጠይቃላችሁ? የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርሶችን። እነሱ ከሐኪሙ ይልቅ ጊዜ አላቸው፤ ማን የት እንደሚሰበሰብም ይሰማሉ። የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኞችን። ሱስ ላይ የሚሠሩ የግል ክሊኒኮችን። የውጭ አገር ሰዎች የሚያመልኩባቸውን ቤተክርስቲያኖች ጽሕፈት ቤት፤ በብዙ የዓለም ከተሞች ቡድኖች አዳራሽ የሚከራዩት ከእነሱ ነው። የአልኮሊክስ አኖኒመስ ዓለም አቀፍ ጽሕፈት ቤትም በኢሜይል ይጠየቃል።

ጥያቄው ራሱ አጭር ይሁን። "ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቡድን ታውቂያለሽ? የት ነው? በስንት ሰዓት?" ይበቃል። "ለጓደኛዬ ነው" ማለት ከፈለጋችሁ በሉ። ነርሷ ሰምታው ታውቃለች፤ አታፋጥጣችሁም።

ሌላ ነገር፤ የበር ጥበቃ። አዲስ አበባ ውስጥ የትም ግቢ ስትገቡ "ወዴት ነው?" ትባላላችሁ። እኔ መጀመሪያ ቀን በር ላይ ደርሼ "ወዴት ነው ወንድም?" ስባል "ለመጠጥ..." ብዬ አፌ ደረቀ። "ተሳስቻለሁ" ብዬ ተመለስኩ። በዚያች አንዲት ጥያቄ ምክንያት አራት ወር አለፈ። ስትደውሉ የክፍሉን ቁጥር ወይም ሕንፃውን አብራችሁ ጠይቁ። በሩ ላይ "ለስብሰባ ነው" በቂ ነው።

ሰዓቱን ማምታታት

ቀልድ ይመስላል። ሦስት ሰው በዚህ ምክንያት ባዶ አዳራሽ ደጅ ላይ ቆሞ እንደተመለሰ አውቃለሁ።

"6:00" ተብሎ ከተጻፈ የማን ስድስት ነው? የፈረንጅ ከሆነ ማታ 12 ሰዓት ነው። የእኛ ከሆነ ቀትር ነው። የውጭ ሰዎች ያሉበት ቡድን ብዙ ጊዜ በእነሱ ሰዓት ይጽፋል። ቀኑም እንደዚያው፤ "የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ" የማን ወር እንደሆነ ጠይቁ።

በኢንተርኔት ለሚደረጉት ደግሞ ይብሳል። የኒውዮርክ ማታ ሁለት ሰዓት በእነሱ በጋ ለእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው አስር ሰዓት። እኛ ሰዓታችን ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም፤ እነሱ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ያንቀሳቅሱታል። ስለዚህ የለመዳችሁት ስብሰባ በመጋቢት አካባቢ በድንገት በአንድ ሰዓት ይሸሻችኋል። እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው የናይሮቢን ስብሰባ መፈለግ ይቀላል። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው።

የመመለሻውን መንገድ አለማሰብ

የዳር ሰፈር ሰው ይህን ያውቀዋል። ወደ መሀል ከተማ መሄድ ቀላል ነው። ችግሩ መመለሱ ነው። ስብሰባው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ካለቀ፣ ቃሊቲ ወይም መገናኛ ስትደርሱ ሰልፉ እባብ ሆኗል። ዝናብ ካለ ደግሞ ወያላው "ሞልቷል" የሚለውን እንኳ ትናፍቃላችሁ።

ሰልፉ ፊት ለፊት ምን አለ? ግሮሰሪ። የመጠጥ ማስታወቂያ በ2011 በወጣው አዋጅ 1112 ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወርዷል፤ ጥሩ። ኮንዶሚኒየማችን ምድር ቤት ያለውን ግሮሰሪ ግን ማን ያውርደው? እኔ ከብሎኬ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ አራት እቆጥራለሁ። ባለቤቶቹ በስሜ ይጠሩኛል። ዱቤ ይሰጡኛል። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው።

ስለዚህ ቡድን ስትመርጡ ስብሰባውን ብቻ አትዩ፤ ስንት ሰዓት ቤት እንደምትገቡ አስሉ። ቅዳሜ ጠዋት ያለ ስብሰባ ከረቡዕ ማታው ለእኛ ይሻላል። የማታው ብቻ ከሆነ ያለው፣ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ፈልጉ። የመጀመሪያ ቀን "ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ አለ?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። እኔ ከስብሰባው ይልቅ ያዳነኝ የአንድ ሰው አሮጌ ቪትዝ የኋላ ወንበር ይመስለኛል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱ እያወራ፣ እኔ መስኮቱን እያየሁ፣ ግሮሰሪዎቹን አልፈን እንሄዳለን።

"ሰፈሬ ከሆነ ሰው ያየኛል" ብሎ የቀረበውን ትቶ ሩቁን መምረጥም አለ። እረዳዋለሁ። እኔም እንዲያ አድርጌያለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ግሮሰሪ ተደግፌ ስቆም ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል። ያኔ አላፈርኩም።

ስልኩ ስማችሁን ሲናገር

"አኖኒመስ" ማለት ስም የለሽ ማለት ነው። ቡድኑ ውስጥ የመጀመሪያ ስም ይበቃል፤ ቅጽል ስምም ይሆናል። የሰማችሁትን ውጭ አታወሩም፤ ያያችሁትን ሰው ውጭ "እዚያ አይቼህ" አትሉም።

ሰው ይህን አውቆ በአካል ሲሄድ ይጠነቀቃል፤ በስልክ ሲገባ ግን ይረሳል። ዙም ላይ የአያት ስም ጨምሮ ከነፎቶው ብቅ ይላል። ከመግባታችሁ በፊት ስሙን ቀይሩ። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁ ለማን እንደሚታይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። የመሥሪያ ቤት ስልክ አትጠቀሙ። አለቀ።

ጸበል ወይስ ቡድን ብሎ ማፋጠጥ

እናቴ እንጦጦ ማርያም ወስዳኛለች። ሰባት ቀን ተጠምቄ፣ በባዶ ሆዴ ጸበል ጠጥቼ፣ ሰላም አግኝቼ ተመልሻለሁ። ሰላሙ እውነት ነበር። ስምንተኛው ቀን ላይ ግን ተራራው እዚያ ቀረ፤ እኔ ወደ ብሎኬ ተመለስኩ።

አንዳንዱ ሰው "ቡድኑ የፈረንጅ ሃይማኖት ነው" ብሎ ይሸሻል። ሌላው ደግሞ "ጸበል ኋላ ቀርነት ነው፤ እኔ ሳይንሱን ነው" ብሎ እናቱን ያስለቅሳል። ሁለቱም አያስፈልግም። አባላት ለማገገም የሚከተሏቸው የኤ ኤ 12 ደረጃዎች ስለ ፈጣሪ ያነሳሉ፤ ግን "እኛ እንደተረዳነው" ይላሉ። ማንንም ከሃይማኖቱ አያስወጡም። እኛ ጋ ማተብ ያሰረም፣ ጀለቢያ የለበሰም፣ ጴንጤም፣ ምንም የማያምንም አንድ ክብ ውስጥ ነው። ንስሐ አባታቸውን አማክረው የመጡ አሉ።

አንድ ነገር ግን ከላይ ካልኩት ጋር አያይዙልኝ። በየቀኑ የሚጠጣን ሰው በድንገት አስቁሞ ሩቅ ጸበል መውሰድ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ሐኪም የሌለበት ተራራ ላይ እንዲቃዥ ማድረግ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጸበሉ አይሸሽም።

መጠጡን ትቶ ጫቱን መያዝ

ይህን ቡድን ውስጥ ስናገር አንዳንዶች ፊታቸው ይጠቁራል። ይጥቆር።

"መጠጥ ትቻለሁ፤ ጫት ብቻ ነው" የሚል ሰው ምርቃናው ሲያልቅ ምን ሊያደርግ ነው? እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ልብ ይመታል። ከዚያ ጨብሲ። ጨብሲ ማለት ደግሞ መጠጥ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በዚህ መንገድ የተመለሱትን ስቆጥር ጣቴ አይበቃም። ቡድን ስትፈልጉ ጫቱንም አብራችሁ ተናገሩ። ነርሷም ትወቀው።

ይልቅ ጣፋጭ ነገር ቢያምራችሁ አትደንግጡ። ያቆመ ሰው ስኳር ያምረዋል፤ በጣም የተለመደ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በከረሜላና በአራት ማንኪያ ስኳር ሻይ ነው ያለፍኩት። ስኳር በሽታ ካለባችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ እንጂ ሌሎቻችን እንጠጣው።

ለስብሰባው ገንዘብ መክፈል

ባጭሩ፦ የእርስ በርስ ቡድን መመዝገቢያ የለውም። ኤ ኤ የአባልነት ክፍያ አይጠይቅም። መጨረሻ ላይ ለአዳራሹና ለሻዩ ቅርጫት ይዞራል፤ የቻለ ይጥላል፣ ያልቻለ ያሳልፋል። "አባል ለመሆን ይህን ያህል ብር በቴሌብር ላክ" የሚል ካለ ቡድን አይደለም። ማገገሚያ ማዕከል ግን ሌላ ነገር ነው፤ አልጋና ሐኪም ስላለው ያስከፍላል። ሁለቱን አታምታቱ። ማዕከል ስታዩ የጤና ፈቃዱን ጠይቁ።

ቤተሰብ በሰውየው ፋንታ ሲፈልግ

ሚስቴ ከእኔ በፊት አድራሻውን አግኝታ ነበር። ወረቀት ላይ ጽፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ተናድጄ ቀደድኩት።

እናቶች፣ ሚስቶች፣ እህቶች፤ አድራሻውን መያዛችሁ ጥሩ ነው። ይዛችሁ ቆዩ። ጠዋት፣ አንጎበሩ ሲጨመድደው፣ ራሱ "ምን ላድርግ?" ሲል ስጡት። ማታ በስካሩ ሰዓት አታንሱት። ስብሰባዎች ክፍትና ዝግ የሚባሉ አሉ። ክፍቱ ላይ ቤተሰብም መግባት ይችላል። ዝጉ ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ብቻ ነው። አብራችሁ ልትገቡ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለቤተሰብ ብቻ የሚሆን አል-አኖን የሚባልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመ ነው፤ በኢንተርኔትም ይሰበሰባል።

አንድ ነገር ግን በእግዚአብሔር ስም አታድርጉ። መጠጥ የሚያስጠላ ክኒን ገዝታችሁ በድብቅ ወጥ ውስጥ አትጨምሩ። ዳይሰልፊራም የሚባል መድኃኒት አለ፤ የወሰደ ሰው ከጠጣ ኃይለኛ ሕመም ይይዘዋል። ሐኪም ያዘዘለትና ራሱ አውቆ የሚወስድ ሰው ይጠቀምበታል። ሳያውቅ ወስዶ ላዩ ላይ አረቄ የጨመረበት ሰው ግን ሊሞት ይችላል።

አንድ ቀን ሄዶ ፍርድ መስጠት

የመጀመሪያ ቀኔ ላይ የተናገረው ሰው ቤቱን ሸጦ ጠጥቷል። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ልጆቿን ተነጥቃለች። እኔ ደግሞ ቤቴ አለ፤ ሥራዬ አለ። "ገና ነኝ" ብዬ ወጣሁ። "ገና" የምትለዋ ቃል ውስጥ ያለውን አላየሁም። ሌላው በተቃራኒው "እነዚህ ሽቅርቅሮች ምን ያውቃሉ፤ እኔ ስንት አይቼ" ይላል።

ወይም ደግሞ ቋንቋው አይሆንም። በእንግሊዝኛ ሲሆን ልባችሁን ለመናገር ትቸገራላችሁ፤ ሕመም በሰው ቋንቋ አይነገርም። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚሰበሰብ እንዳለ እዚያው ጠይቁ። እስኪገኝ ግን ተቀመጡ። መናገር ግዴታ አይደለም፤ "ዛሬ አዳማጭ ነኝ" ብሎ ማሳለፍ ይቻላል። ከስብሰባው በኋላ ሻዩ ላይ አማርኛ ይበዛል።

ሴቶች በተለይ አንድ ነገር። ብዙ ጊዜ ክፍሉ ወንድ በወንድ ነው። የምትጠጣ ሴት በእኛ አገር በር ዘግታ ነው የምትጠጣው፤ ወደዚያ ክፍል መግባት ለእሷ ከእኔ እጥፍ ይከብዳል። ከገባሽ እህቴ፣ ሌላ ሴት ፈልገሽ አጠገቧ ተቀመጪ። ስልክሽን ለእሷ ስጪ። ለመርዳት በጣም የሚቸኩል ወንድ ካለ፣ እሱ ይቆይ። የሴቶች ብቻ ስብሰባዎች በኢንተርኔት ሞልተዋል።

ጠጥቶ ስለነበር ብቻ መቅረትም እዚሁ ይግባ። ትናንት ወድቃችሁ ከሆነ ዛሬ መሄጃችሁ ነው። ሞቅ ብሏችሁም ቢሆን፣ ከኋላ ዝም ብላችሁ እስከተቀመጣችሁ ድረስ የሚያስወጣችሁ የለም። ጋሼ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ጀብ ብለው ነበር የሚመጡት። አሁን ቁልፉን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

"በእኛ በኩል የለም" ብሎ መቀመጥ

በዳር ሰፈር ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ለገጣፎ፣ ገላን፣ ሱሉልታ፣ አራብሳ ያለ ሰው በእግሩ የሚደርስበት ቡድን ላያገኝ ይችላል። ስህተቱ አለመኖሩ አይደለም፤ እስኪኖር መጠበቁ ነው።

ሁለት ሰው ይበቃል። አክረን ላይ የነበሩት ሁለት ናቸው። እኛ እኮ መሰባሰብ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም፤ እድር ያቋቋመ ሰፈር ይህንንም ይችላል። ልዩነቱ እድር ስምን ይመዘግባል፤ ይህ አይመዘግብም።

እኔና ባለቪትዙ የጀመርነው በብሎካችን ኮሚናል ነው። ለኮሚቴው "የጤና ውይይት" አልናቸው፤ ውሸት አይደለም። ለጽዳትና ለመብራት ትንሽ እንከፍላለን፤ በነፃ ስጡን ብለን አልለመንንም። እሑድ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ታክሲ አለ፤ ፀሐይ አለ። ስድስት ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝ፣ አንድ ጣሳ ስኳር።

አራት ሳምንት ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። አንድ ቀን እሱ ታሞ ቀረና እኔ ብቻዬን ሰዓቴን ጠብቄ ዘግቼ ሄድኩ።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ "የጤና ውይይት እዚህ ነው?" አለ። ነው አልነው። በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይዞ ተቀመጠ፤ ጃኬቱን አላወለቀም። ስሙን አልጠየቅነውም። ሻይ ቀዳሁለትና ስኳር ስንት ላድርግልህ ስለው፣ ትንሽ አፍሮ፣ "አራት" አለ።